ቤዝቦል ለካምቦሎጆ ሰው

አጎቴ ዕድሜ ልካቸውን የኳስ ሰው ናቸው። ኳስ ስል እግር ኳስ ማለቴ ነው፤ አዲስ አበባ ስታዲየም ከማን አንሼ እስከ ሚስማር ተራ ያልተቀመጡበት ቦታ የለም። ባለፈው ክረምት ሊጠይቁን ዋሽንግተን መጡ። ኋይት ሀውስን ከሩቁ አየን፣ ሙዚየም ገባን፣ ዘመድ ቤት ዞርን። ከዚያ አንድ ዓርብ ማታ «ጋሼ፣ ዛሬ ቤዝቦል ልውሰድዎት» አልኳቸው።

«ያ በዱላ የሚመቱት? ምንም የማይፈጠርበት?» አሉ።

አልፈረድኩባቸውም። እኔም አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ለዓመታት እንደዛው ነበር የማስበው። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ ይስታል፣ ሌሎቹ ቆመው ማስቲካ ያኝካሉ፣ ሕዝቡ ይበላል። የሚገርመው ደግሞ ሕዝቡ በየመሃሉ ብድግ ብሎ ይጮሃል፤ ምን ታይቶት እንደሆነ ግን አይገባኝም ነበር። ኋላ ፓርኪንግ ስሠራ አብሮኝ የነበረ አንድ የቤዝቦል እብድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ገላገለኝ፦ ኳሱን ተወው፣ ቁጥሩን ተመልከት። ያን ቀን የነገረኝን ነው ለአጎቴ የነገርኳቸው፣ ለእናንተም የምነግራችሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ በባቡር ነው የሄድነው። ቀዩን መስመር ይዛችሁ ፎርት ቶተን ላይ ወደ አረንጓዴው ትቀይራላችሁ፣ ኔቪ ያርድ ትወርዳላችሁ፣ አለቀ። በመኪና መሄድ ይቻላል ግን የፓርኪንጉ ዋጋ ትኬቱን ሊበልጥ ይችላል፤ የምትከፍሉት ለሐበሻ ልጅ ሊሆን እንደሚችል ማሰቡ ትንሽ ያጽናናል እንጂ። በየፌርማታው ቀይ ኮፍያ ያደረጉ ሰዎች እየገቡ ባቡሩ ሞላ። አጎቴ ዓይናቸው በራ። ቀይ ባዩ ቁጥር እንዲህ ነው የሚያደርጋቸው።

ዩ ስትሪት ጣቢያ ስንደርስ አንድ ነገር ነገርኳቸው። ከላያችን የሐበሻ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት ሰፈር አለ። ከዚያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ሄዳችሁ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልን ታገኛላችሁ። ሆስፒታሉ የቆመበት መሬት ድሮ ግሪፊዝ ስታዲየም የሚባል የቤዝቦል ሜዳ ነበር። ሴናተርስ የሚባለው የዋሽንግተን ቡድን በ1924 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምናገረው) ዋንጫ ሲያነሳ የሚጫወተው እዚያ ነው። በዚሁ ሜዳ ላይ በሌላ ቀን ደግሞ ሆምስቴድ ግሬይስ የሚባል የጥቁሮች ቡድን ይጫወት ነበር። ጆሽ ጊብሰን የሚባል ኃይለኛ መቺ ነበራቸው። ጥቁር ስለሆነ ግን ዋናው ሊግ አላስገባውም። በጥር 1947 ገና በ35 ዓመቱ ሞተ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ ላይ፣ ጃኪ ሮቢንሰን በብሩክሊን ቡድን ገብቶ የዘር አጥሩን ሰበረ። ዛሬ የሮቢንሰንን 42 ቁጥር መለያ በየትኛውም የሊጉ ቡድን ውስጥ ሌላ ሰው እንዲለብሰው አይሰጥም። ጊብሰንስ? በ2024 ሊጉ የድሮ የጥቁሮች ሊጎችን ቁጥር ከራሱ መዝገብ ጋር ሲያዋህድ፣ በሕይወት ዘመን የመምታት አማካይ ከሁሉም በላይ የተገኘው እሱ ሆነ። 77 ዓመት ዘግይቶ። አሁን ሐውልቱ በአዲሱ ስታዲየም ቆሟል።

«ይገርማል» አሉ አጎቴ፤ ዱላና ኳስ መሆኑን ለጊዜው የረሱት መሰለኝ።

ስታዲየሙ ናሽናልስ ፓርክ ይባላል፤ በ2008 የተከፈተ፣ 41 ሺህ ሰው ገደማ የሚይዝ፣ አናኮስቲያ ወንዝ ዳር ያለ ነው። ቡድኑ ናሽናልስ ነው። እስከ 2004 ድረስ የካናዳዋ ሞንትሪያል ነበረ፣ በ2005 ወደ ዋሽንግተን ተዛወረ። አጎቴ እዚህ ላይ ቆሙ። ቡድን እንዴት ከተማ ይቀይራል? ጊዮርጊስ ተነስቶ ናዝሬት ገባ እንደማለት ነው እኮ! እዚህ አገር ግን የተለመደ ነው፤ ዋሽንግተን ራሷ ከዚያ በፊት ሁለት ቡድን ሄዶባታል፣ ሁለተኛው በ1971 ሲሄድ ከተማዋ ከ30 ዓመት በላይ ያለ ቤዝቦል ቀረች።

ወንበራችን ላይኛው ፎቅ ነበር። ርካሹ ነው፣ ለጀማሪ ግን ምርጡ ነው፤ ሜዳው በሙሉ እንደ ካርታ ይታያችኋል። ሜዳው ከድፎ ዳቦ የተቆረጠ ሩብ ይመስላል። ጫፉ ላይ ሆም ፕሌት የሚሉት ነጭ ሰሌዳ አለ። መቺው የሚቆመው እዚያ ነው። ከጫፉ ተነስተው ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚሄዱት ሁለት መስመሮች የሜዳው ድንበር ናቸው። በድንበሩ ውስጥ ሦስት ቤዞች፣ ማለትም ሯጩ ረግጦ የሚያርፍባቸው ቦታዎች፣ አሉ፤ ከሆም ፕሌቱ ጋር አራት ማዕዘን ይሠራሉ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ 27 ሜትር ከምናምን ነው። መቺው ኳሱን መትቶ እነዚህን ሦስት ቤዞች ዞሮ ወደ ተነሳበት ከተመለሰ አንድ ነጥብ ነው።

የእግር ኳስ ሰው የሚደናገረው እዚህ ጋ ነው። አጎቴ «ኳሱን የያዘው የትኛው ቡድን ነው? አጥቂው ነው?» ብለው ጠየቁ። አይደለም። ኳሱን የያዘው ተከላካዩ ነው። አጥቂው ኳስ የለውም፣ ዱላ ነው ያለው። ነጥብም የሚቆጠረው ኳሱ የሆነ ቦታ ስለገባ አይደለም። ጎሉ ሰውየው ነው፤ ሰውየው ዞሮ ቤቱ ከገባ ነጥብ ነው፣ ተከላካዮቹ ኳሱን ይዘው የሚራወጡት እሱን መንገድ ላይ ለማስቀረት ነው። ይሄን አንዴ ካዞራችሁት ግማሹ ይገባችኋል።

ሁለተኛው ግራ የሚያጋባ ነገር ሰዓት አለመኖሩ ነው። 90 ደቂቃ የለም፣ ባካና ሰዓትም የለም። የሚቆጠረው አውት ነው፤ አውት ማለት መቺው ወይም ሯጩ ከጨዋታ ሲወጣ ነው። አንድ ቡድን ይመታል፣ ሦስት ሰው አውት ሲሆንበት ተራውን ይለቃል፣ ሌላው ይመታል፣ እሱም ሦስት ሲወጣበት አንድ ኢኒንግ አለቀ ይባላል። እንዲህ እያለ ዘጠኝ ኢኒንግ። ስለዚህ እያንዳንዱ ቡድን 27 አውት ይዞ ነው የሚገባው፤ 27ቱ እስኪያልቁ ድረስ አሥር ለዜሮ እየተመራም ቢሆን ተስፋ አለው። መሬት ላይ ወድቆ ሰዓት መግደል አይቻልም። ይሄኔ አጎቴ ስሙን የማልጠቅሰውን አንድ በረኛ አነሱና ለአምስት ደቂቃ ሰደቡት።

እኩል ከሆኑስ? እኩል የለም። አንዱ እስኪያሸንፍ ይቀጥላሉ። ከ2020 ወዲህ በመደበኛው ውድድር ከዘጠነኛው በኋላ እያንዳንዱ ቡድን ተራውን የሚጀምረው አንድ ሰው ሁለተኛ ቤዝ ላይ በነፃ ቆሞለት ነው፤ ቶሎ እንዲያልቅ ብለው ነው። እኔ በበኩሌ አልወደድኩትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከሆም ፕሌቱ 18 ሜትር ከምናምን ርቃ ትንሽ የአፈር ጉብታ አለች። ወርዋሪው፣ ፒቸር የሚሉት፣ እዚያ ላይ ይቆማል። ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ የሚጠብቀው ካቸር ነው፤ ምን ዓይነት ኳስ ይወርወር የሚለውን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው እሱ ነው። ድሮ በጣት ምልክት ብቻ ነበር፣ ከ2022 ጀምሮ ግን ቁልፍ ተጭኖ በወርዋሪው ጆሮ የሚያስተላልፍበት መሣሪያ አለ። ከካቸሩ ኋላ ደግሞ ዳኛው ጎንበስ ብሎ ይቆማል። ኳሱ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊበር ይችላል። ከወርዋሪው እጅ ወጥቶ መቺው ጋ ለመድረስ የሚፈጅበት ከግማሽ ሴኮንድ ያነሰ ነው። ታዲያ መቺው አይቶ፣ አስቦ፣ ወስኖ፣ ዱላውን ማዞር አለበት። በዚህ ላይ አንዳንዱ ኳስ መጨረሻ ላይ ይታጠፋል፣ አንዳንዱ ደግሞ በዚያው የእጅ ፍጥነት ተወርውሮ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ መቺው ቀድሞ ዱላውን አዙሮ አየር ይመታል። ስለዚህ ከአሥር ሙከራ ሰባቱን የሚከሽፍ መቺ ጎበዝ ይባላል። ሌላ የትኛው ሥራ ላይ ነው እንዲህ የሚባለው?

ከሆም ፕሌቱ በላይ አንድ የማይታይ መስኮት አስቡ። ወርዱ እንደ ሰሌዳው 43 ሴንቲ ሜትር፣ ከታች ከመቺው ጉልበት፣ ከላይ ደረቱ ግድም። ኳሱ በመስኮቱ ካለፈና መቺው ዝም ካለ ስትራይክ ነው። መቺው ዱላውን አዙሮ ከሳተም ስትራይክ ነው፣ ኳሱ የትም ይሁን። ኳሱ ከመስኮቱ ውጭ ከሄደና መቺው ንቆ ካለፈው ደግሞ ቦል ይባላል። ሦስት ስትራይክ አውት ነው። አራት ቦል ከሆነ መቺው ዱላውን ጥሎ አንደኛ ቤዝ ድረስ በነፃ ይሄዳል። ሰሌዳው ላይ ቦሉ ቀድሞ፣ ስትራይኩ ቀጥሎ ይጻፋል፤ 2-1 ካያችሁ ሁለት ቦል አንድ ስትራይክ ማለት ነው።

«እሺ፣ ታዲያ ምኑ ነው የሚያስጮኸው?» አሉ አጎቴ።

ሸማ ተራ ገብተው ያውቃሉ አይደል ጋሼ? አልኳቸው። ይሄ ክርክር ነው። ወርዋሪው ነጋዴው ነው፣ መቺው ገዢው ነው። ነጋዴው መቼም መልካሙን ዕቃ ቀድሞ አያወጣም፤ ዳር ዳሩን እየወረወረ ገዢው ተታሎ እንዲነካለት ይፈልጋል። ገዢው ደግሞ ፊቱን አዙሮ ይጠብቃል። ቁጥሩ 3-0 ሲሆን ነጋዴው ተጨንቋል፤ አንድ ጊዜ ከሳተ ሰውየው በነፃ ሊሄድበት ነው፣ ስለዚህ የግዱን መሃል ላይ መወርወር አለበት። መቺውም ይሄን ያውቃል። ቁጥሩ 0-2 ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። አሁን የተጨነቀው ገዢው ነው፣ ሱቁ ሊዘጋበት ነው፣ የመጣለትን ቆሻሻ ሁሉ ለመንካት ይገደዳል፤ ወርዋሪው ደግሞ ሆን ብሎ ከመስኮቱ ትንሽ ወጣ ያለውን ያቀርብለታል። ያው አንድ ሰው፣ ያው አንድ ኳስ፣ ቁጥሩ ሲለወጥ ግን ሌላ ጨዋታ ነው። ሕዝቡ ብድግ የሚለው ለዚህ ነው። ኳሱ ገና ሳይወረወር ነው የሚጮኸው።

አንድ የሚጨመር አለ። ኳሱ ተመትቶ ከድንበሩ መስመር ውጭ ከወደቀ ፋውል ይባላል፣ እንደ ስትራይክም ይቆጠራል። ነገር ግን ሁለት ስትራይክ ላይ ከሆነ ፋውሉ ሦስተኛ አይሆንም፣ ቁጥሩ ባለበት ይቆያል። ብልጥ መቺ ይሄን ይጠቀምበታል፤ የማይፈልገውን ኳስ ሁሉ እየነካካ ወደ ውጭ ይጥላል፣ ሌላ አምጣ፣ ሌላ አምጣ ይላል፣ የወርዋሪው ክንድ እየደከመ ይሄዳል። ያን ማታ አንዱ መቺ ዘጠኝ ኳስ አስወረወረ። አጎቴ «ይሄ ሰውዬ ነጋዴ ያስለቅሳል» አሉ። ገባቸው ማለት ነው።

ድሮ ይሄ ክርክር አያልቅም ነበር። ወርዋሪው ኮፍያውን ያስተካክላል፣ ይራመዳል፣ ያስባል፤ መቺው ጓንቱን ይፈታል ያስራል። ጨዋታው በአማካይ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር። በ2023 ለወርዋሪው ሰዓት አስገቡ፤ ዛሬ ቤዝ ላይ ሰው ከሌለ 15 ሴኮንድ፣ ካለ 18 ሴኮንድ ነው ያለው። ካለፈበት ቦል ይቆጠርበታል። መቺው ከዘገየ ስትራይክ። ወዲያው በዚያው ዓመት አማካዩ ወደ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወረደ። የድሮ ሰዎች አጉረመረሙ፣ እኔ ግን ማታ የመጨረሻው ባቡር ሳያመልጠኝ ቤቴ ስለምገባ አመስጋኝ ነኝ።

ኳሱ ተመታ እንበል። አሁን ሰውየውን እንዴት ነው አውት የሚያደርጉት? ኳሱ መሬት ሳይነካ ከተያዘ አለቀ፣ አውት ነው። መሬት ነክቶ ከሄደ ግን ተከላካዩ አንስቶ ወደ አንደኛ ቤዝ ይወረውረዋል፤ ኳሱ ከሯጩ ቀድሞ ከደረሰ አውት፣ ሯጩ ከቀደመ ዳነ። እዚህ ድረስ ቀላል ነው። ውስብስቡ የሚመጣው ቤዞቹ ላይ ሌላ ሰው ካለ ነው። አንዳንዴ ተከላካዩ ኳሱን ይዞ ቤዙን ብቻ ይረግጣል፣ አውት ነው ይባላል። አንዳንዴ ደግሞ ሯጩን ራሱን በኳሱ መንካት አለበት። ለምን?

ሚኒባስ ታክሲ ላይ ያላችሁ አስመስሉት። በአንድ ቤዝ ላይ ከአንድ ሰው በላይ አይቀመጥም። መቺው መሬት ለመሬት መትቶ ወደ አንደኛ ሲሮጥ ወያላው «ጠጋ ጠጋ በሉ!» እንዳለ ቁጠሩት። አንደኛ ላይ የነበረው ወደደም ጠላም ወደ ሁለተኛ መሄድ አለበት፣ ምክንያቱም ወንበሩ ተይዟል። እንዲህ ተገፍቶ የሚሄድን ሰው ለማውጣት የሚሄድበትን ቤዝ ኳስ ይዞ መርገጥ በቂ ነው። ማንም ያልገፋው፣ በራሱ ፍላጎት የተነሳ ከሆነ ግን መመለስ ይችላል፣ ስለዚህ እሱን ራሱን መንካት ግድ ነው። ይሄ ሕግ ሲገባችሁ ዳብል ፕሌይ የሚሉት ውበት ይታያችኋል፤ ኳሱ ወደ ሁለተኛ ቤዝ ይወረወራል፣ እዚያ ያለው ይረግጥና ሳይቆም ወደ አንደኛ ይወረውራል፣ በአራት ሴኮንድ ገደማ ሁለት ሰው ጠፋ። ደብተር ይዘው የሚመዘግቡ ሰዎች ይሄን 6-4-3 ብለው ይጽፉታል። ቁጥሮቹ የመለያ ቁጥር አይደሉም፣ የቦታ ስም ናቸው፤ ወርዋሪው 1፣ ካቸሩ 2 እያለ እስከ ዘጠኝ ይሄዳል። ከፊታችን የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ሙሉውን ማታ እንዲህ ሲጽፉ ነበር። አጎቴ ከትከሻቸው በላይ አጮልቀው ሲያዩ ሴትየዋ ደብተሩን ገለጥ አድርገው አሳዩዋቸው፤ አንዱ እንግሊዝኛ ሌላው አማርኛ እያወራ ለሁለት ኢኒንግ ተግባቡ።

ስርቆትም የተፈቀደ ነው። አንደኛ ቤዝ ላይ ያለው ሰው ወርዋሪው መወርወር ሲጀምር ጠብቆ ወደ ሁለተኛ ይሮጣል። ካቸሩ ኳሱን እንደያዘ ብድግ ብሎ ይወረውራል። ቀድሞ ከገባ ሰረቀ ይባላል፣ በሌብነቱም ይጨበጨብለታል። አጎቴ ይሄን ሲሰሙ «ይሄስ አገሬን አስታወሰኝ» ብለው ሳቁ።

በአራተኛው ኢኒንግ መሃል ላይ ጨዋታው ቆመና አራት ትልልቅ ጭንቅላት ያላቸው አሻንጉሊት መሳይ ሰዎች ሜዳው ዳር መሮጥ ጀመሩ። ፕሬዚዳንቶቹ ናቸው፦ ጆርጅ ዋሽንግተን፣ ጄፈርሰን፣ ሊንከንና ቴዲ ሩዝቬልት። በዋሽንግተን ብቻ ያለ ቀልድ ነው። ውድድሩ በ2006 ሲጀመር ቴዲ ተሸነፈ። በማግስቱም ተሸነፈ። እንዲህ እያለ ከአምስት መቶ ጊዜ በላይ ተሸንፎ፣ አንዳንዴ ተጠልፎ፣ አንዳንዴ መንገድ ስቶ፣ በጥቅምት 2012 ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፈ። ሕዝቡ ዋንጫ ያገኘ ያህል ነበር የጮኸው። ያን ማታ ማን አሸነፈ? ሊንከን። አጎቴ ግን ወገንተኝነታቸው ለቴዲ ሆነ።

ምግቡን በአጭሩ ልለፈው። የዋሽንግተን ሰው ሃፍ ስሞክ የሚባል በቺሊ ወጥ የተጥለቀለቀ ቋሊማ ይበላል፤ ዩ ስትሪት ላይ ከ1958 ጀምሮ ያለው ቤንስ ቺሊ ቦውል ስታዲየሙ ውስጥም አለ። ዓርብ ስለነበር አጎቴ ከነሽታው አልፈውት ከነቅርፊቱ የተቆላ ኦቾሎኒ ገዙ። ቅርፊቱን እግራቸው ሥር መጣል መፈቀዱን ሲያዩ ቤታቸው የገቡ ያህል ተመቻቸው። «ካምቦሎጆ እኮ ነው!» አሉ። ቢራው ውድ ነው፣ ስለሱ አናውራ።

በስድስተኛው ኢኒንግ አንድ ፋውል ኳስ ከበላያችን እየተሽከረከረ መጥቶ አራት መደዳ ወረድ ብሎ ወደቀ። አንድ ወጣት በኮፍያው ያዘና አጠገቡ ለነበረች ሕፃን ሰጣት። አጎቴ ዞር ብለው ጠባቂ ፈለጉ። «ኳሱን አይመልስም?» አይመልስም። ተመልካች መሃል የገባ ኳስ የያዘው ሰው ነው፤ ለሕፃን መስጠት ደግሞ ያልተጻፈ ሕግ ነው። እሳቸው ባደጉበት ሜዳ ኳስ ወደ ሕዝብ ሲገባ ጨዋታው እስኪመለስ ይቆም ነበር። እዚህ ዳኛው ኪሱ ውስጥ ትርፍ አለው። አንድ ምክር ግን፦ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ከተቀመጣችሁ ስልክ ላይ አታፍጡ። መረብ ቢኖርም ኳሱ ጠጣር ነው፣ ፈጣን ነው።

ነጥቡን እየነገርኳችሁ አልነበረም። ሰባተኛው ላይ 3 ለ 3 ነበርን። ሰባተኛው ኢኒንግ መሃል ላይ ሁሉም ሰው ተነስቶ ይንጠራራል፣ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ አንድ ዘፈን ይዘፍናል። አጎቴ ቃሉን ባያውቁትም እያጨበጨቡ ተወዛወዙ። በስምንተኛው የኛ ሰው ሦስተኛ ቤዝ ላይ ነበር፣ አንድ አውት ብቻ ነበር። መቺው ኳሱን ከፍ አድርጎ ወደ ሩቅ ላከው፣ ተያዘ። አጎቴ «በቃ» ብለው ቁጭ አሉ። ግን አላለቀም። ከፍ ያለ ኳስ ሲያዝ መቺው ብቻ ነው አውት የሚሆነው፤ ቤዝ ላይ ያለው ሰው ኳሱ እስኪያዝ ቤዙን ረግጦ ከጠበቀ፣ ከዚያ በኋላ መሮጥ ይችላል። ኳሱ በጣም ሩቅ ስለነበር ሮጦ ገባ። 4 ለ 3።

ለመጨረሻው ኢኒንግ ወርዋሪ ቀየሩ። መጨረሻውን ብቻ የሚዘጋ ሰው አላቸው፣ ልክ ፍጹም ቅጣት ምት ሲመጣ እንደሚገባ በረኛ። ሁለት አውት በቶሎ አገኘ። ከዚያ ተበላሸ። አንድ መቱበት፣ አንድ በነፃ አሳለፈ፣ ሌላም በነፃ አሳለፈ። ሦስቱም ቤዝ ሞላ። ቁጥሩ 3-2። ከዚህ በላይ የሚጨንቅ ቦታ በቤዝቦል ውስጥ የለም፦ አንድ ቦል ከሆነ ወያላው ጠጋ በሉ ብሎ ሦስተኛ ላይ ያለው ተገፍቶ ይገባል፣ እኩል ይሆናል። አንድ ስትራይክ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ነገር አለቀ፣ ወደ ቤት።

እኔ ቀና ስል አጎቴ ቆመዋል። ማንም ሳይነግራቸው። «አሁን መሃሉን ነው መወርወር ያለበት አይደል?» አሉ። አዎ ጋሼ። «ሰውየውም ያውቃል።» አዎ። ወረወረ፣ ፋውል። ወረወረ፣ ፋውል። ኦቾሎኒው ከእጃቸው ፈሰሰ። ሦስተኛውን ወረወረ፣ ኳሱ መሃሉን ይዞ መጣና መጨረሻ ላይ ወደ ታች ታጠፈ፣ ዱላው አየር መታ። ሳላስበው አጎቴን አቅፌያቸዋለሁ።

ባቡሩ ውስጥ ቆመን ስንመለስ እነዚህ ሰዎች ዋንጫ ያውቃሉ ወይ ብለው ጠየቁኝ። በ2019 ነዋ! ያን ዓመት ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታ 31 ተሸንፈው ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦባቸው ነበር። ከዚያ ተነስተው ፍጻሜ ደረሱ፣ ከሂዩስተን ጋር ሰባት ጨዋታ ተጫወቱ፣ ሰባቱንም ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር በቤዝቦል ታሪክ ታይቶ አይታወቅም። ለዋሽንግተን ከ1924 በኋላ የመጀመሪያዋ ዋንጫ ሆነች።

«በሜዳቸው አንድም ሳያሸንፉ?»

አንድም።

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ቀጣዩ ጨዋታ መቼ ነው? በሳምንቱ?» አሉ።

ነገ ነው። እሑድም አላቸው። በዓመት 162 ጨዋታ ነው የሚጫወቱት፣ ግማሹ እዚሁ ነው።

«162! እነዚህ ሰዎች ሌላ ሥራ የላቸውም እንዴ?» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ፎርት ቶተን ወርደን ቀዩን መስመር እየጠበቅን እያለ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«የነገው ስንት ሰዓት ላይ ነው ታዲያ?»